ሐሙስ በር ላይ እጠብቅሻለሁ
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ያደረገችው ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ስለ ስፖርት ተናገሪልን» ስትለኝ ሳቄ ነው የመጣው። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ማቋረጤን ከእናንተ መካከል የማታውቅ የለችም።

መጀመሪያ የጀመርኩት ሐኪም የደም ግፊት እንዳለብኝ የነገረኝ ጊዜ ነው። እናቴን ስትሮክ መትቷት ስድስት ዓመት አስታምሜያታለሁና በጣም ፈራሁ። በማግስቱ ሮጥኩ። ትንፋሼ ተቆረጠ፣ ጉልበቴ አበጠ፣ በሳምንቱ ተውኩት። በሁለተኛው ለቅሶ ገጥሞኝ ሁለት ቀን ቀረሁና «በቃ፣ አለቀ» አልኩ። ራሴንም ሰነፍ እያልኩ ሰደብኩ።

ቆይታ ልጄ ሥነ ልቦና ስትማር ያነበበችውን ትነግረኝ ጀመር። ያኔ ችግሩ አጀማመሬ ላይ እንደነበረ ገባኝ።

አንደኛ፣ ሰው የሚያሠቃየውን ነገር ወዶ አይደጋግምም። ልኩን ለማወቅ ቀላል መለኪያ አለ፤ እየተራመድሽ ማውራት ከቻልሽ፣ መዝፈን ግን ካቃተሽ፣ በቂ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለአዋቂዎች የመከረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ እንዲህ ያለ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። ትንሽም ቢሆን ከምንም እንደሚሻል አብሮ ተናግሯል።

ሁለተኛ፣ ፍርሃት ብቻውን አያቆምም። እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ አገር በተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። ስለ ልብ ሕመም አደጋ እንዲያነቡ ብቻ ከተደረጉት በሳምንቱ ስፖርት የሠሩት 35 በመቶ ናቸው። ከንባቡ ሌላ የት፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚሠሩ ከጻፉት ግን 91 በመቶዎቹ ሠሩ። እኔም ጻፍኩ፤ «ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ከዳቦ ቤቱ በር። ከዘነበ በማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ።»

ሦስተኛ፣ የሚወዱትን ከሚከብደው ጋር ማጣመር ነው። በአሜሪካ ኬቲ ሚልክማንና ባልደረቦቿ ሰዎች ልብ ሰቃይ መጻሕፍትን ጂም ውስጥ ብቻ እንዲያዳምጡ አደረጉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ ጂም መመላለሳቸው ጨመረ። ከበዓል ዕረፍት በኋላ ግን ቀዘቀዘ። እኔና ጎረቤቴ ደግሞ የሳምንቱን ወሬ ለመንገዱ አስቀመጥነው። ወሬው ሳያልቅ ሰፈሩን ዞረን እንጨርሳለን! ደግሞም አንዷ በር ላይ ቆማ እየጠበቀች ሌላዋ እንዴት ትተኛለች?

አራተኛ፣ መቅረት ማቋረጥ አይደለም። ለንደን ውስጥ 96 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት፣ አዲስ ነገር ልማድ እስኪሆን ከ18 እስከ 254 ቀን ሊፈጅ እንደሚችል ገምቷል፤ የመካከለኛው ሰው 66 ቀን ነው። አንድ ቀን መዝለል ግን ልማዱን እንዳላበላሸው አሳይቷል። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ከለቅሶው በኋላ ሁለት ዓመት ባላባከንኩ ነበር።

አሁን ከጀመርን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነን፤ ዘጠኝ ሴቶች ነን። ግፊቴ ወርዷል። መድኃኒቴን ግን አልተውኩም፣ ሐኪሜም አላስተወኝም፤ እናንተም በራሳችሁ እንዳታቋርጡ።

ከመካከላችን ሁለት እኅቶች ካለፈው ወር ጀምሮ ቀርተዋል። እባካችሁ «ምነው ጠፋሽ?» ብለን አናሳፍራቸው። እኔ በዚያ ጊዜ እንዲህ ስጠየቅ መንገድ ቀይሬ እሄድ ነበር። ደውለን «ሐሙስ በር ላይ እጠብቅሻለሁ» እንበላቸው።

ደጋፊዎቻችን ምን እንርዳችሁ ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ለእግር ጉዞ መሣሪያ አያስፈልገንም። አንድ የደም ግፊት መለኪያ ለአዳራሻችን ብታገኙልን ግን፣ ግፊቷን ለክታ የማታውቅ አባል አትኖረንም። እናቴም ግፊት እንዳለባት ያወቅነው ከወደቀች በኋላ ነበር።

ሐሙስ ያገናኘን!