አስታማሚው ብቻውን አይቁም
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



ሊቀ መንበራችን ተራውን ስለ ሰጡኝ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማነሣው ነገር የመዋጮ ጉዳይ አይደለም። በየቤታችን ስላሉት መራመድ ስለማይችሉ ሕመምተኞችና እነሱን ወደ ሆስፒታል ስለሚያመላልሱ አስታማሚዎች ነው። በተለይም የቀጠሮ ቀን መኪናው የት ይቁም ስለሚባለው ችግር ነው። «መኪና ያገኘ ሰው ደግሞ ምን ይቸገራል?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስቲ ትንሽ ታገሡኝ።

እንደሚታወቀው አብዛኞቻችን መኪና የለንም። ነገር ግን እግሩ የማይታዘዝለት ሰው በሚኒባስ ተጋፍቶ መሄድ ስለማይችል፣ ወይ የጎረቤት መኪና ይለመናል፣ ወይ ኮንትራት ታክሲ ይያዛል። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። ጣጣው የሚጀምረው ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደረስ ነው።

ጥበቃው «የሠራተኛ መኪና ብቻ ነው የሚገባው» ይላል። መንገዱ ዳር እንዳይቆም ክልክል ነው፤ ትራፊክ ይቀጣል። የኮንትራት ታክሲ ከሆነ ሹፌሩ ቶሎ አውርዶ መሄድ ይፈልጋል። የራስ ወይም የጎረቤት መኪና ከሆነ ደግሞ ማቆሚያ የሚገኘው ብዙ ርቆ ነው። ታዲያ አስታማሚው ምን ያድርግ? ሕመምተኛውን በሩ ላይ ትቶ ቢሄድ ብቻውን ይቀራል። ይዞት ቢሄድ ያን ሁሉ መንገድ ደግፎ ሊመልሰው ነው። መኪናውን እዚያው ቢተወው ይቀጣል። በዚህ መሐል ውስጥ ስም ይጠራል፤ ሲጠራ ያልተገኘ ተራው ያልፋል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሦስት ቦታ መቆም አይችልም።

ባለፈው ዓመት ከመካከላችን በአንዲት እናት ላይ የደረሰውን በፈቃዳቸው ልንገራችሁ። ባለቤታቸው ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው አይሠራም። እኒህ እናት ባላቸውን በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ ለማያውቋት ሴት «እባክሽ እዪልኝ» ብለው መኪናውን ሊያቆሙ ሄዱ። ሲመለሱ ባለቤታቸው ሊነሡ ሞክረው ወድቀዋል፤ ግንባራቸው ደምቷል። ያቺ ሴት ስሟ ተጠርቶ ገብታለች፤ አይፈረድባትም። የእሳቸውም ተራ አልፎ ቀጠሮው ለሌላ 2 ወር ተላለፈ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ሐሳቤ ሰው ለመክሰስ አይደለም።

ጥበቃውንም ቢሆን እንዲሁ መውቀስ አይገባም። አምቡላንስ የሚገባበት በር በግል መኪና ቢዘጋ ሕይወት ያልፋል። ሰውየው የታዘዘውን ነው የሚሠራው። ስለዚህ ችግሩ የሚፈታው በር ላይ በመጨቃጨቅ ሳይሆን፣ አስተዳደሩን በደንብ ጠይቆ ሥርዓት በማስያዝ ነው።

ጉዳዩ የአንድ ቀን ብቻ አይደለም። የኩላሊት እጥበት የሚደረግለት ሰው በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ይመላለሳል፤ በየጊዜውም 4 ሰዓት ያህል ማሽኑ ላይ ይቆያል። ሲወጣ ደክሞ፣ አንዳንዴም ራሱን እያዞረው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው መኪና ፍለጋ ሩቅ ማስኬድ ምን ማለት እንደ ሆነ ራሳችሁ ፍረዱ።

ይህን ስንጠይቅ ልመና እንዳይመስላችሁ። በ2001 ዓ.ም. በወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 ላይ፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር የሚሄዱትም፣ መራመድ ችለው ደረጃ መውጣት የማይችሉትም የሚገቡበት መንገድ እንዲኖረው ተጽፎ ወጥቷል። በ2002 ዓ.ም. አገራችን ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9 ላይ መንገድን፣ መጓጓዣንና የሕክምና ቦታን በስም ጠርቶ፣ ለአካል ጉዳተኛ ምቹ ይሁኑ ይላል።

የሌላውንም አገር ብናይ አይከፋም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ለአካል ጉዳተኞች የመኪና ማቆሚያ ካርድ ይሰጣል። ካርዱ የሚሰጠው ለሰውየው ነው እንጂ ለመኪናው አይደለም። ስለዚህ ልጁም ያድርሰው ጎረቤቱ፣ ካርዱ አብሮት ይሄዳል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የሰፈራችን ሕመምተኛ ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው መኪና ስለሚሄድ፣ ፈቃዱ ለሕመምተኛው ቢሰጥ ነው የሚጠቅመው።

እንግዲህ ከሆስፒታሎቹ አስተዳደር ምን እንጠይቅ? ሁለት ነገር ለይተን እንያዝ፤ ማውረጃና ማቆሚያ አንድ አይደሉም።

አንደኛ፣ በበሩ አጠገብ፣ የአምቡላንስ መንገድ በማይዘጋበት በኩል፣ ለ10 ደቂቃ ብቻ ሕመምተኛ ማውረጃ ቦታ ይለይ። ይህ ብዙ ወጪ የለውም፤ ቀለምና ምልክት ነው።

ሁለተኛ፣ ብቻውን የሚያስታምም ወይም ራሱ አካል ጉዳተኛ ሆኖ የሚነዳ ሰው የሚያቆምበት ጥቂት ቦታ በግቢው ውስጥ ይከለል። ስፋቱ 3 ሜትር ተኩል ገደማ መሆን አለበት። ተራው ቦታ 2 ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ በሩ ሙሉ አይከፈትም፤ ዊልቸርም አይጠጋም። ከዚያ ወደ ሕንፃው የሚወስደው መወጣጫም ቀጥ ያለ ገደል እንዳይሆን። ልኩ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው፤ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ አንድ ደረጃ ለመውጣት 1 ሜትር ከ80 ያስፈልጋል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ተመላላሽ ለሆኑ ሕመምተኞች በቀጠሮ ካርዳቸው ላይ ማኅተም ይደረግላቸው፤ ጥበቃው ያን አይቶ ያስገባ። ያኔ ክርክር አይኖርም።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ወገኖቼ፣ ሰው ሲሞትብን እኮ ድንኳን እንተክላለን፣ ወንበር እንሸከማለን። ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል። አስከሬኑን መንደሩ ሁሉ ይከተለዋል። ያው ሰው በሕይወት ሳለ ሆስፒታል በር ላይ የሚደግፈው አንድ ተጨማሪ ሰው አጥቶ ሲወድቅ ግን ደንባችን ዝም ይላል። ይህ ልክ ነው ትላላችሁ?

የማመለክተው ሐሳብ ቀላል ነው። የቀጠሮ ቀን ከአስታማሚው ጋር ሁለተኛ ሰው ይሂድ። አንዱ መኪናውን ይዞ ሲሄድ ሌላው ከሕመምተኛው አይለይም፤ ካርዱን ይዞ ወረፋ ይጠብቃል። ሁለተኛ ሰው ካለ ማውረጃው ብቻ ይበቃናል፤ መኪናው የትም ርቆ ቢቆም ግድ የለም። ለዚህም ፈቃደኞች ስማቸውን ያስመዝግቡ፤ ቀጠሮ ያለው ቤተሰብ ከ3 ቀን በፊት ለማኅበሩ ያስታውቅ። ለአንድ አባል በወር አንድ ቀን ቢደርሰው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለ?

ለሚሄዱትም ጥቂት ነገር ላስገንዝብ። ሕመምተኛ ከመኪና ሲወርድ መጀመሪያ የመኪናው ወንበር ወደ ኋላ ይገፋ። ዊልቸሩ ፍሬኑ ይያዝ፣ የእግር ማሳረፊያው ይነሣ። ስትሮክ የመታው ከሆነ ዊልቸሩ በደህናው ጎን በኩል ይቁም። የደከመውን ክንዱን ይዞ መጎተት ክልክል ነው፤ ትከሻው ሊወልቅ ይችላል። በመጀመሪያ ሁለቱ እግሮቹ መሬት ይርገጡ፣ ከዚያ በወገቡ ተደግፎ ይነሣ። ቁልቁለት ሲወረድ ዊልቸሩ ወደ ኋላ ዞሮ ቀስ ተብሎ ይውረድ፤ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ መልቀቅ ሰውየውን ይደፋዋል።

ሌላም ልጨምር። በቤቱ የማይራመድ ሰው ያለው ቤተሰብ እባካችሁ አትደብቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ አስታማሚነቱን የደበቀም ረዳት የለውም። ከጎረቤት መኪና ሲለምኑ የሚሳቀቁ፣ «አስቸገርኳችሁ» እያሉ ቀጠሮ የሚተዉ እናቶች እንዳሉ እናውቃለን። ማኅበር ያለው ሰው ለዚህ መሳቀቅ የለበትም።

ለአስተዳደሩ የሚሄደው ደብዳቤ ተረቅቋል። ዛሬ ከተስማማችሁበት ሊቀ መንበራችን ይፈርሙበታል፤ ሦስት ሰዎች ተመርጠው በእጃቸው ያደርሱታል፤ መልሱንም በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን። የፈቃደኞች መመዝገቢያ ደብተሩ ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁንና የሚመቻችሁን ቀን ጻፉ፤ መጻፍ ያልቻለ ይንገረኝ፣ እኔ እጽፍለታለሁ።

 ለታመሙት ምሕረት፣ ለሚያስታምሙት ብርታት ይስጥልን።