ስለ መጠጥ ልማድና ስለ 12ቱ እርምጃዎች
በጣርማ በር ለኢዮቤልዩ በዓል የተሰጠ ንግግር



ደጋው ከጣርማ በር አፋፍ ላይ ያልቅና መንገዱ በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። በላይ የገብስ፥ በታች የማሽላ ጠላ ይጠመቃል፤ ሠርግና ተዝካር፥ ዝክርና ማኅበርም ያለ መጠጥ አይታሰብም። ጠላና ጠጅ በልክ ሲሆን የእንግዳ ማክበሪያ ነው። ነገር ግን መጠጥ ጻድቁን ኖኅን እንኳ እንዳዋረደ የታወቀ ነው። ይልቁንም አረቄ ኃይሉ ከመቶው እጅ እስከ 40 የሚደርስ ስለ ሆነ፥ ልማድ ካደረገው ሰው ቤቱንም፥ እርሻውንም፥ አእምሮውንም ይወስድበታል። የይፋት ሙስሊም ጎረቤት ግን እንግዳውን በቡና ያከብራል፤ ፍቅር ያለ መጠጥ እንደሚጸና ማስረጃው ቅርብ ነው።

«ቢፈልግ ይተው ነበር» ብለው በጠጪ የሚፈርዱ ብዙዎች ናቸው። በ1927 ዓ.ም. በአሜሪካ አክሮን በምትባል ከተማ የሆነው ግን ሌላ ያስተምራል። ቢል ዊልሰን የሚባል የኒው ዮርክ የአክሲዮን ደላላ መጠጥ ከተወ 5 ወር ያህል ሆኖት ሳለ፥ የመጣበት ጉዳይ ስለ ከሸፈበት ልቡ ወደ መጠጥ አዘነበለ። ነገር ግን በሆቴሉ አዳራሽ ቆሞ የአብያተ ክርስቲያናትን ዝርዝር ተመለከተና ወደ አንድ ቄስ ስልክ ደወለ፤ የሚሻውም እንደ እርሱ በመጠጥ የሚሠቃይ ሌላ ሰው ነበረ። በዚህም ምክንያት ከሐኪሙ ከዶክተር ሮበርት ስሚዝ ጋራ ተገናኘ። ሐኪሙ ከሩብ ሰዓት በላይ አልቀመጥም ብሎ መጥቶ ብዙ ሰዓት ቈየ፤ የሚገሥጸውን ሳይሆን የገዛ ቁስሉን የሚያሳየውን ሰው አግኝቶ ነበርና። ስማቸውን የማይገልጡ ጠጪዎች ማኅበር የተመሠረተበት ቀንም፥ ሐኪሙ መጠጥን የተወበት ሰኔ 3 ቀን 1927 ዓ.ም. ሆኖ ይቈጠራል። 12ቱ እርምጃዎች በ1931 ዓ.ም. በመጽሐፍ ታተሙ።

ፍሬ ነገራቸውም ይህ ነው። ሰውየው አስቀድሞ መጠጥ እንዳሸነፈው ያምናል፤ ከእርሱ የሚበልጥ ኃይል እንዲያድነው ተስፋ አድርጎ ኑሮውን ለእግዚአብሔር አደራ ይሰጣል። ቀጥሎም ነጋዴ መዝገቡን እንደሚመረምር ራሱን ይመረምራል፤ በደሉን ለእግዚአብሔርና ለአንድ ሰው ይናዘዛል፤ ጠባዩ እንዲታረም ይለምናል። የበደላቸውንም ሰዎች ስም ጽፎ፥ ሌላ ጉዳት የማያመጣ ሲሆን፥ ይክሳቸዋል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ራሱን እየመረመረና እየጸለየ ይኖራል፤ በመጨረሻም ላልዳነው ወንድሙ መንገዱን ያሳያል። ዕድሜ ልኬን አልጠጣም ብሎ አይምልም፤ ለዛሬ ብቻ ይጠበቃል።

ይህ ለኢትዮጵያ ምእመን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ንስሐና ኑዛዜ፥ ካሳና የነፍስ አባት ከጥንት አሉ። የጎደለው አንድ ነው። ተናዝዞ የተመለሰው ሰው በሰንበቴው የሚደግፈው ባልንጀራ አያገኝም፤ «ለበረከት ቅመስ» እያሉ ጽዋውን ይሰጡታል እንጂ። የሚያስገድዱት በክፋት ሳይሆን በፍቅር ነው። ነገር ግን በጣርማ በር አፋፍ ላይ የቆመውን ሰው በፍቅርም ቢገፉት ይወድቃል። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. በ1112ኛው አዋጅ የመጠጥ ማስታወቂያ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር፥ 21 ዓመት ላልሞላውም እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ አዋጅ ግን ማኅበር ቤት ገብቶ ዋንጫ አይመልስም። ይህ የማኅበርተኛው ፈንታ ነው።

ስለዚህ መጠጥ ለተወ ሰው ብርዝ ወይም ቡና ይቅረብለት፤ ማንም ምክንያቱን አይጠይቀው። የተዉትም ሁለትና ሦስት ሆነው በየሳምንቱ ይገናኙ፤ በዚያ የተነገረውም በዚያው ይቅር። ለብዙ ዘመን አብዝቶ የጠጣ ሰው ግን በአንድ ጊዜ ቢያቋርጥ መንቀጥቀጥና መንፈራገጥ፥ ሞትም ሊያገኘው ይችላልና፥ የነፍስ አባቱ አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይላከው፤ ጠበልና ሕክምና አይጣሉም።

ኢዮቤልዩ በኦሪት ሕግ ባሪያ ነፃ የሚወጣበት ዓመት ነበረ። በዚህ በዓል አንድ የአረቄ ምርኮኛ እንኳ ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ ቢመለስ፥ በዓሉ በእውነት ኢዮቤልዩ ይባላል። ለዚህም የቸሩ አምላክ ረድኤት አይለይ። አሜን።