በሕግ አምላክ፤ ሕግን በሃይማኖት ቤት ስለ መማር የተነገረ ቃል



በኢትዮጵያ ሁለት ሰዎች በመንገድ ተጣልተው ዱላ ሲማዘዙ፥ ከመካከላቸው አንዱ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ቢጮኽ እጅ ይሰበሰባል፥ ዱላም ይወርዳል። ይህን ቃል የጮኸው ሰው ምናልባት ፊደል ያልቈጠረ ይሆናል። ነገር ግን በሁለት ቃል ታላቅ ትምህርት ተናግሯል፤ ይኸውም ሕግ ባለቤት እንዳለው፥ ባለቤቱም ንጉሥ ወይም ዳኛ ሳይሆን አምላክ መሆኑን ነው።

ዛሬ ከየደብሩ ልጆች ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ሕግ ይማራሉ። ከነዚህም አንዳንዶቹ ቤተ ክርስቲያን በመሠረተቻቸው ቤቶች ይማራሉ። አባትና እናት ግን በሁለት ነገር ይሠጋሉ፤ አንደኛው ልጁ ሃይማኖቱን ይጥል ይሆናል ማለት ነው፤ ሁለተኛው ጥቍሩን ነጭ ማለትን ተምሮ ይመለሳል ማለት ነው። ሕግን በሃይማኖት ቤት መማር ከነዚህ ሥጋቶች ያድናልን? መልሱን ከአንድ ቤትና ከአንድ ሰው ታሪክ መመርመር ይሻላል። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በኢጣልያ አገር በሚላኖ ከተማ የቅዱስ ልብ ካቶሊካዊ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ቤት አለ። መሥራቹ አጎስቲኖ ጄሜሊ የተባሉ ፍራንቸስካዊ መነኵሴ ናቸው፤ እርሳቸውም ከመመንኰሳቸው በፊት ሕክምና የተማሩ ሰው ነበሩ። ቤቱ የተከፈተው በ1921 ዓ.ም. ዲሴምበር 7 ቀን፥ በቅዱስ አምብሮስዮስ በዓል ነው። በ1924 ዓ.ም. የኢጣልያ መንግሥት ዕውቅና ሰጠው፤ ከዚያም ወዲህ በዚህ ቤት የተገኘ ማዕርግ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከተገኘው ጋራ ተካከለ። አሁን የሚገኘው በቅዱስ አምብሮስዮስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፥ በጥንታዊ ገዳም ውስጥ ነው።

ይህ ጉርብትና ያለ ትርጓሜ አይታለፍም። አምብሮስዮስ ጳጳስ ከመሆኑ በፊት የሮማን ሕግ የሚያውቅ አገረ ገዢ ነበረ። በ374 ዓ.ም. ሕዝቡ ስለ ጳጳስ ምርጫ በታወከ ጊዜ ሊያረጋጋ ቢገባ፥ ገና ሳይጠመቅ ሕዝቡ እርሱን ራሱን መረጠው። በ390 ዓ.ም. ንጉሥ ቴዎዶስዮስ ተቈጥቶ በተሰሎንቄ ብዙ ሕዝብ አስፈጀ፤ አምብሮስዮስም ንስሓ ሳይገባ ከቅዱስ ቍርባን እንዳይካፈል ከለከለው። ንጉሡም ንስሓ ገባ። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ቴዎዶሬጦስ እንደ ተረከው፥ አምብሮስዮስ ዕንባውን አይቶ ብቻ አልፈታውም፤ የሞት ፍርድ ከተጻፈ በኋላ ሠላሳ ቀን ሳይቈይ እንዳይፈጸም ሕግ እንዲያወጣ ጠየቀው እንጂ። ቍጣ የጻፈውን ፍርድ አእምሮ እንዲመረምረው ነው። ሕግ ያልተማረ ጳጳስ ቢሆን ንጉሡን አስለቅሶ በተወው ነበር፤ ሃይማኖት የሌለው ሕግ ዐዋቂ ቢሆን ደግሞ ንጉሡን ለመገሠጽ ባልደፈረ ነበር። ሁለቱ በአንድ ሰው ስለ ተገናኙ ግን ዕንባው ወደ ሕግ ተለወጠ።

በኢጣልያ የሕግ ተማሪ የሮማን ሕግ፥ የፍትሐ ብሔርን፥ የወንጀለኛ መቅጫን፥ የሕገ መንግሥትን ትምህርት ይማራል፤ በሚላኖው ቤት ደግሞ በዚህ ላይ የሃይማኖት ትምህርት ይጨመርበታል። ፈተናው አብዛኛው በቃል ነው። ተማሪው በመምህሩ ፊት ተቀምጦ ይጠየቃል፤ በመጨረሻም አንድ ድርሰት ጽፎ በጉባኤ መምህራን ፊት ይከራከራል። በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። የቅኔ ተማሪም ሌሊት ያሰበውን ቀን በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ ቢሳሳት እዚያው ይታረማል፤ በወረቀት ጀርባ መደበቅ የለም። ቃልን አጣርቶ መናገር፥ የሌላውንም ቃል አጣርቶ መስማት ከዚህ ይገኛል። ለዳኛም ከዚህ የበለጠ ስንቅ የለውም።

ነገር ግን እውነቱ አይሸሸግ። ሕግ መማር ጻድቅ አያደርግም፤ በክርስቲያን አገር መማርም ብቻውን አያድንም። በ1937 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በተወረረችበት ዘመን፥ በሮማ አንድ ዐዋጅ ወጣ። ዐዋጁ ኢጣልያዊ ከቅኝ ግዛት ተወላጅ ጋራ እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት እስራት ይቀጣል የሚል ነበር። በ1938 ዓ.ም. ደግሞ አይሁድን ከትምህርት ቤትና ከሥራ የሚያስወጡ ሕጎች ተከተሉ። እነዚህን የጻፉ ማይማን አልነበሩም፤ አንቀጽ በአንቀጽ አሳምረው የሚጽፉ የተማሩ ሰዎች ነበሩ እንጂ። ሰሙ አምሮ ወርቁ የጠፋበት ቅኔ እንዳለ ሁሉ፥ ቃሉ አምሮ ፍትሕ የጠፋበት ሕግም አለ።

ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ዓ.ም. ኢጣልያ አዲስ ሕገ መንግሥት የሚጽፍ ጉባኤ መረጠች። ከተመረጡትም አንዱ በሚላኖው ቤት የተማረና ያስተማረ፥ ጁዜፔ ዶሴቲ የተባለ የሕግ ሰው ነበረ። በ1948 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በሦስተኛው አንቀጹ ዜጎች ሁሉ ያለ ዘርና ያለ ሃይማኖት ልዩነት በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደነገገ። ዶሴቲም ከፖለቲካ ወጥቶ በ1959 ዓ.ም. ካህን ሆነ። የዐዋጁም ጸሐፍት፥ እርሱም ሕግ ተምረዋል፤ የለያያቸው ሕጉን ለማን ብለው እንደ ተማሩት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ቅርቡ ሰው እንምጣ። ቤቱ በተከፈተበት በዚያው በ1921 ዓ.ም. በኤርትራ ጳውሎስ ጻድዋ የተባለ ሕፃን ተወለደ። አድጎም በ1944 ዓ.ም. ካህን ሆነ፤ ከዚያም ወደ ሚላኖ ሄዶ በዚያ ቤት የፖለቲካና የሕግ ትምህርት ተምሮ ማዕርግ ተቀበለ። ነገሩን እናስተውል፤ የተወለደበት አገር የኢጣልያ ቅኝ ግዛት ነበረ፥ የ1937ቱም ዐዋጅ የተጻፈው በእርሱና በወገኖቹ ላይ ነበረ። እርሱ ግን ሕግን ከዚያው አገር ተምሮ ለወገኑ አመጣው።

ያመጣውም እንዲህ ነው። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ በዐረብኛ የተሰበሰበ መጽሐፍ ነው፤ በትውፊት እንደሚነገረው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጴጥሮስ አብደ ሰይድ ወደ ግእዝ መለሰው። አንቀጾቹ 51 ናቸው፤ 22ቱ መንፈሳዊ፥ 29ኙ ሥጋዊ ነገር ይናገራሉ። ይህን መጽሐፍ የጠበቁት ሊቃውንት ናቸው፤ ንባቡን ከትርጓሜው ጋራ ለተማሪ ሲያስተላልፉ ኖሩ። በ1957 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ፥ በ1960 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ፤ በ1963 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሕግ ትምህርት ቤት በዩኒቨርሲቲው ተከፈተ። ብዙዎቹ መምህራን ግን የውጭ አገር ሰዎች ስለ ነበሩ ግእዝ አያውቁም። የአገሪቱ ልጆች የባዕድን ሕግ ሲያጠኑ፥ የአባቶቻቸው ሕግ ተዘግቶ ሊቀመጥ ደረሰ። ያን ጊዜ ግእዙንም ሕጉንም ያወቀው ካህን መጽሐፉን ወደ እንግሊዝኛ ተረጐመው፤ በ1968 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት አሳተመው። ጳውሎስ ጻድዋ በኋላ በ1977 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ካቶሊካውያን ሊቀ ጳጳስ፥ በ1985 ዓ.ም. ካርዲናል ሆነው በ2003 ዓ.ም. በሮማ ዐረፉ። ከሹመታቸው ሁሉ በፊት የመጣው ይህ ሥራ ግን የማንም ወገን የሆነ የሕግ ተማሪ እስከ ዛሬ የሚገለገልበት ነው።

እንግዲህ ለወላጆች የሚነገረው ይህ ነው። ልጃችሁ ሕግ ልማር ቢል አትከልክሉት፤ ነገር ግን ማዕርጉን ብቻ አትጠይቁት፤ ሕሊናውን ማን እንደሚፈትነው ጠይቁት። በሃይማኖት ቤት ቢማር መልካም ነው፤ ጸሎቱን በቤቱ ትቶ የሄደ ልጅ ግን የትም ቢማር ያው ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለውን ክፉ ተረት ከልጅነቱ በማዕዳችሁ ላይ ሲሰማ ካደገ፥ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ያነጻዋል?

ለተማሪዎችም የሚነገረው ይህ ነው። ነገ በወንበር ስትቀመጡ ጠበቃ የምትገዛበት ገንዘብ የሌላት መበለት በፊታችሁ ትቆማለች። አንቀጹን አታውቅም፤ የምታውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «በሕግ አምላክ» ትላለች። የመንገድ ተጣይ በዚህ ቃል ዱላውን ካወረደ፥ ሕግ የተማረ ዳኛ በዚህ ቃል ብዕሩን እንዴት አያቀና?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።