ስለ እንሰት መንደርና ስለ ደቦው የተነገረ ቃል



በኢዮቤልዩ በዓል ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋራ ስለሚኖርበት ሥርዓት መነገሩ የተገባ ስለ ኾነ፥ የሰባት ቤት ጉራጌ መንደር ለምሳሌ ይቀርባል።

ወደዚያ አገር ለሚገባ ሰው አስቀድሞ የሚታየው ጀፎረ ነው። ጀፎረ ማለት በመንደሩ መካከል የተዘረጋ፥ ሣር የለበሰ ሰፊ የጋራ ጎዳና ነው። ጎጆዎቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እርሱ አዙረው ይሠራሉ፤ እንሰቱም በየጓሮው ይቆማል። በጀፎረ ላይ ከብት ይግጣል፤ ልጆች ይጫወታሉ፤ ሠርግና ልቅሶ ይደረጋል፤ ሽማግሌዎችም ተቀምጠው ነገር ይሰማሉ። አጥሩን ወደ ጀፎረ የሚገፋ ሰው ቂጫ በተባለው በአገሩ ሥርዓት ይጠየቃል። በከተማ ስንት መንገድ በአጥር ተበልቶ እንደ ቀረ ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያስቀና ነው።

እንሰት የትዕግሥት ተክል ነው። ወንዶቹ ይተክሉታል፤ ሲያድግም እየነቀሉ ከስፍራ ወደ ስፍራ ያዛውሩታል፤ እንደ አገሩ ብርድና ሙቀትም ከ4 እስከ 7 ዓመት ያኽል ይቈያል። ከደረሰ በኋላ ግን ሥራው የሴቶች ነው። ለአንዲት ሴት ብቻዋን የሚከብድ ስለ ኾነ ጎረቤቶች ተጠራርተው በደቦ ይወጡታል። ግንዱን በሳንቃ ላይ አስደግፈው በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይፍቁታል፤ አንዲቱ ሥሩን ትከትፋለች፤ ሌላይቱ ቡላውን ትጨምቃለች፤ ከተፋቀው የሚቀረው ጭረትም ቃጫ ይኾናል። የተፋቀው በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ተቀብሮ ሲብላላ ቆጮ ይወጣዋል። ዛሬ ለአንዲቱ የሠሩት ነገ ለሌላይቱ ይሠራሉ።

ይህን ደቦ የሚፈታተን ጠላት ግን ተነሥቷል፤ ይኸውም አጠውልግ የተባለው የእንሰት በሽታ ነው። ሊቃውንት በኢትዮጵያ መኖሩን በ1968 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጽፈው አስታወቁ፤ በዚያው አቈጣጠር በ2001 ደግሞ በዑጋንዳ በሙዝ ላይ ተገኘ። ምክንያቱ ባክቴሪያ ነው። ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቈረጥ ቢጫ የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል፤ የብዙ ዓመት ድካምም በጥቂት ጊዜ ይበሰብሳል። የታመመውን የሚያድን መድኃኒት የለም።

እጅግ የሚያሳዝነው በሽታው የሚሄድበት መንገድ ነው። ከታመመው እንሰት ወደ ጤነኛው የሚያሻግረው ብዙ ጊዜ የቈረጠው ቢላዋ ነው፤ ቢላዋውም በደቦ ከቤት ወደ ቤት የሚዞር፥ ጎረቤት ለጎረቤት የሚያውሰው ነው። እንግዲህ መንደሩን ያቆመው መተጋገዝ ራሱ ለበሽታው መሸጋገሪያ ኾነ። ይህን የሰማ ሰው፥ ቢላዋዬን ለማንም አላውስም፥ ጓሮዬንም ዘግቼ እቀመጣለሁ ይል ይኾናል። ነገር ግን አይረዳውም፤ ከብት የታመመውን ቅጠል በልቶ ወደ ጓሮው ይገባል፤ ጃርትና ፍልፈልም ሥሩን እየበሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳሉ።

የእርሻ ዐዋቂዎች የሚመክሩት ቀላል ነው፤ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ሲሻገሩ ቢላዋውን በእሳት መለብለብ፤ የታመመውን ነቅሎ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር፤ ከታመመ ጓሮ ችግኝ አለመውሰድ፤ በዚያም ስፍራ ወዲያው መልሶ አለመትከል። ዘጠኝ ቤት ይህን ጠብቆ ዐሥረኛው ቢተወው ግን የዘጠኙ ድካም ይፈርሳል።

ዐሥረኛው ደግሞ ሁልጊዜ ሰነፍ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ድኻ ነው። እንሰቱን ነቅሎ ቅበር ሲሉት የልጆቹን የከርሞ ምግብ ቅበር ማለታቸው ስለ ኾነ ይደብቀዋል። ስለዚህ ቅበር የሚሉት ጎረቤቶች ጉድጓዱን አብረው ሊቈፍሩለት፥ ከጤነኛ ጓሮ ችግኝ ሊያመጡለት፥ ችግኙም እስኪደርስ ከቆጯቸው ሊያካፍሉት ይገባል። ለመስቀል በዓል ከየከተማው ወደ አገሩ የሚገባው ልጅ ኹሉ በጀፎረ ላይ በሚሰበሰብበት ጊዜ፥ ማን ስንት ችግኝ እንዲያመጣ፥ ማንስ ለየትኛው ቤት ቆጮ እንዲሰጥ በሽማግሌዎች ፊት ሊቈረጥ ይቻላል።