የከዚራ ጥላ
(በማኅበራችን የንግግር ምሽት የተነበበ)



ድሬዳዋን አይቶ የተመለሰ ሰው ስለ ከዚራ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው። «ዛፉ! ጥላው! ጸጥታው!» ይላል። የሰፈሩ ልጅ ነኝና ምስጋናው ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከዚራን እንደ መናፈሻ ብቻ የሚያይ ሰው ገና አላወቀውም ብዬ እከራከራለሁ።

ከዚራን የወለደው ሥራ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር፤ ተራራው ግን ለባቡር የሚቀመስ አልሆነም። ስለዚህ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ሜዳው ላይ ቆመ፤ ቦታውም «አዲስ ሐረር» ተባለ። ስሙ አልጸናም፤ ከተማው ግን ጸና። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለ ሆነ በመካከሉ ብዙ ዕቃ የሚራገፈው እዚሁ ነበር። ኩባንያው ጣቢያውን፥ የጥገናውን ወርክሾፕና የሰዎቹን መኖሪያ አጠገብ ላጠገብ ሠራ። መንገዶቹ በማስመሪያ የተሰመሩ የሚመስሉትም በእርግጥ በማስመሪያ ስለ ተሰመሩ ነው።

ከደቻቱ ማዶ ያለችው መጋላ ግን የማንንም ንድፍ አልጠበቀችም፤ ነጋዴውና ግመሉ እንደ ተመቻቸው አበጇት። ደቻቱ በበጋ አሸዋ ነው፤ በእግር ይሻገሩታል። (በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ሞልቶ ያደረሰውን ጥፋት ግን የድሬ ሰው አይረሳውም።) ይህ አሸዋ ብዙ ዘመን ሁለት ዓይነት ኑሮ ለይቷል። ኩባንያው ጥላውን ያሰበው አስቀድሞ ለራሱ ሰዎች ነበርና ዛፉን ስናደንቅ ይህንንም መናገር ይገባናል።

ዛሬስ? ከአዲስ አበባ ይመጣ የነበረው የድሮው ባቡር ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው። እንግዳው የሚያደንቀው ጸጥታ፥ እንግዲህ፥ ሥራው የቆመበት ሰፈር ጸጥታ ነው። ለኛ ለልጆቹ እንደ ዕረፍት አይሰማንም።

ስለ ቤቶቹ መጠበቅ የሚናገር አይጠፋም፤ መልካም ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የሰዎቹ ነገር ነው። የሞተሩን ሕመም በድምፁ ብቻ የሚለዩ፥ ፈረንሳይኛን ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከመፍቻና ከመዶሻ ጋር የተማሩ ሽማግሌዎች በየደጃፋቸው ተቀምጠዋል። ቁጥራቸው በየዓመቱ ይቀንሳል። ግንቡ ይቆየናል፤ እነርሱ አይቆዩንም።

ስለዚህ በመጪው ዕረፍት ወደ ድሬ የምትወርዱ ሁሉ ደብተር ያዙ። በቀትር ግን አትሂዱ፤ በዚያ ሙቀት በሩን የሚከፍትላችሁ የለም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፥ ወንበሩ ወደ ደጅ ሲወጣ፥ «አባባ፥ እርስዎ ባቡር ላይ ምን ይሠሩ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።