መሬት የሰጡአትን አትረሳም

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ስብሰባችን ዋና ጉዳይ እንደምታውቁት ከጽሕፈት ቤታችን ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ነው። ቦታው ጓሮ አትክልት ይልማበት፣ የሚገኘውም ጎመንና ቆስጣ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን አባሎቻችን ይታደል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የሚቃወመውም የለም። ነገር ግን ዘር ከመግዛታችን በፊት ስለ መሬቱ ራሱ መነጋገር ይኖርብናል። ምክንያቱም ያ ቦታ ለብዙ ጊዜ የሰፈሩ ቆሻሻ መጣያ ሆኖ የቆየ ነው። የወጥ ቤት ጥራጊውም፣ ፌስታሉም፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይም፣ የተቃጠለ የመኪና ዘይትም የሚደፋው እዚያው ነው።

ብዙዎቻችን ቆሻሻ ከቤት ከወጣ ጠፋ ብለን እናስባለን። አልጠፋም እኮ! ቦታ ለወጠ እንጂ። መሬት ደግሞ የሰጡአትን ሁሉ ትቀበላለች፤ አትረሳውም፤ ቀን ቆጥራ በእህሉ፣ በአትክልቱ፣ በጉድጓድ ውኃው አድርጋ ትመልሰዋለች።

አፈር የሞተ ነገር አይደለም። በአንድ የሻይ ማንኪያ ጤነኛ አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ሚሊዮን ጥቃቅን ሕያዋን ይኖራሉ። ቅጠሉንና ጭዱን አብላልተው ለተክል ምግብ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። የመሬት ትሎችም ምድርን እየበሱ አየርና ውኃ እንዲገባ ያደርጋሉ። አንድ ሴንቲ ሜትር ለም አፈር በተፈጥሮ ተሠርቶ እስኪያልቅ ብዙ መቶ ዓመታት ይፈጃል። እኛ ግን በአንድ ጀሪካን ዘይት በአንድ ቀን እናበላሸዋለን።

እንግዲህ ቆሻሻ የምንለውን ሁሉ በአንድ ስም እንጥራው እንጂ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሚበሰብሰው ነው። የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ ቅጠላ ቅጠልና የከብት እበት የዚህ ወገን ናቸው። ይህ ለመሬት ምግብዋ ነው። በከተማችን ከየቤቱ ከሚወጣው ቆሻሻም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይኸው የሚበሰብሰው ነው።

ሁለተኛው የማይበሰብሰው ወይም መርዝነት ያለው ነው። ፌስታል ቢቀበር ይበጣጠሳል እንጂ አፈር አይሆንም፤ ውኃ እንዳይሰርግና ሥር እንዳይወርድ ያግዳል። የተቃጠለ ዘይት የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ትሉም፣ ሥሩም አየር አጥቶ ይሞታል። የመኪና ባትሪ ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረትና አሲድ አለ። ይህ ብረት እንደ ልጣጭ አይበሰብስም፤ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ለብዙ ትውልድ ይኖራል። በሕፃናት አእምሮ ላይ ጉዳት የሚያደርስ መሆኑም በሕክምና የታወቀ ነው።

ታዲያ ትልቁ ጥፋት የቱ ነው ቢባል፣ መደባለቁ ነው። ልጣጩን ብቻውን ብናደርገው ማዳበሪያ ይሆናል፤ ከባትሪ ድንጋይና ከፌስታል ጋር አንድ ላይ ሲጣል ግን እሱም መርዝ ይሆናል። መሬት ምግብዋን ታጣለች፤ በምትኩም በሽታዋን ትጎርሳለች።

በገጠሩም ቢሆን ችግሩ የዚሁ ዘመድ ነው። እንጨት ሲጠፋ ገበሬው ኩበቱን ለማገዶ ያደርገዋል፤ ጭዱና አገዳውም ለከብትና ለምድጃ ይውላል። ለማሳው መመለስ የነበረበት ምግብ ጢስ ሆኖ ይወጣል፤ ማሳውም ከዓመት ዓመት እየሳሳ ይሄዳል። ዛፉም ተቆርጦ ስላለቀ ክረምት ሲገባ ጎርፉ የላይኛውን አፈር ጠራርጎ ይወስደዋል። በአጭሩ ገጠሩ ለመሬት የሚገባትን ይነፍጋታል፤ ከተማው የማይገባትን ያጎርሳታል።

ይህ የሩቅ ወሬ እንዳይመስላችሁ ከከተማችን አንድ ምሳሌ ላንሣ። በረጲ የሚገኘውን ቆሼን የማያውቅ የለም። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ ሳይለይ የተከመረበት ቦታ ነው። የሚወርደውን ፍሳሽ የሚያግድ ነገር ከሥሩ ስላልተሠራለት ፍሳሹ ወደ ምድር ሲሰርግ ኖሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተንዶ ከሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወደቀ፤ ከ110 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። ያ ተራራ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ከእያንዳንዳችን ቤት በማዳበሪያ ከረጢት እየታሰረ የሄደ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ወንዞቻችን ናቸው። ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ የከተማውን ፍሳሽ፣ የቆዳ ፋብሪካውን፣ የጋራዡንና የመጸዳጃ ቤቱን ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በዚሁ ውኃ ደግሞ ሰላጣና ቆስጣ ይለማበታል። ተመራማሪዎች በአቃቂ አካባቢ በዚህ ውኃ የለማውን አፈርና አትክልት መርምረው እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ብረቶች አግኝተውበታል። ቅጠሉ የሚበላ አትክልት ብረቱን ወደ ራሱ የመሳብ ጠባይ ስላለው ከቲማቲምና ከበርበሬ ይልቅ ያሠጋል።

አንዳንድ አባሎቻችን «ያ ቦታ እኮ ባለፈው ክረምት ራሱ የበቀለ ጎመን ነበረበት፤ ደግሞም ያማረ ነበር» ሲሉ ሰምቻለሁ። አምሮ መብቀሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በልጣጩ ምክንያት ይለመልማል፤ በውስጡ የያዘውን ብረት ግን ዓይን አያየውም፤ ቢታጠብም፣ ቢቀቀልም አይለቅም። ለደካማ አረጋውያን ምጽዋት ብለን የምንሰጠው ጎመን በሽታ እንዳይሆንባቸው እንጠንቀቅ።

ስለዚህ ለስብሰባው የሚከተሉትን አሳቦች አቀርባለሁ።

1ኛ/ ዘይትና ባትሪ ሲደፋበት በኖረው በታችኛው በኩል ምንም የሚበላ ነገር አይተከል። ለጥላ የሚሆን ዛፍ ይተከልበት። ዛፉ አፈሩን ይይዛል፤ ጎርፍም ወደ ጎረቤት እንዳይወስደው ይከላከላል።

2ኛ/ ጎመንና ቆስጣው በላይኛው በኩል ይሁን፤ እሱም ቢሆን ከሌላ ቦታ በመጣ ንጹሕ አፈር በተሞላ ጆንያ ወይም ከፍ ተደርጎ በተሠራ መደብ ላይ ይተከል። ሥራው ዘንድሮ ጥቂት ይሆናል፤ ለሁሉም አረጋውያን ላይበቃ ይችላል። ቢሆንም ጥቂት ንጹሕ ከብዙ መርዝ ይሻላል።

3ኛ/ እያንዳንዱ ቤት ሁለት ማጠራቀሚያ ይኑረው፤ አንዱ ለሚበሰብሰው፣ አንዱ ለማይበሰብሰው። የሚበሰብሰውን በማኅበሩ ጉድጓድ እናጠራቅማለን። ጉድጓዱ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ቢሆን ይበቃል። አንድ ረድፍ ልጣጭና ቅጠል፣ አንድ ረድፍ ደረቅ ሣር፣ ከላዩ ትንሽ እበትና አፈር እየተደረገበት፣ ውኃ እየተረጨ፣ በየሁለት ሳምንቱ እየተገላበጠ ከ3 እስከ 4 ወር ሲቆይ ጥቁር ማዳበሪያ ይወጣዋል። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት አይገባበትም፤ ውሻና አይጥ ይጠራል።

4ኛ/ ብረታ ብረቱንና የመኪና ባትሪውን ቆራሌው ይገዛል። የባትሪ ድንጋዩ በጽሕፈት ቤቱ በራፍ በሚቀመጥ ክዳን ባለው ጣሳ ይሰብሰብ፤ ሜዳ አይጣል። የሰፈራችን ጋራዦችም የተቃጠለውን ዘይት በበርሜል እንዲያጠራቅሙ ኮሚቴ ሄዶ ያነጋግራቸው። ጠብ አያስፈልግም፤ የእነሱም ልጆች እዚሁ ነው የሚጫወቱት።

5ኛ/ ገበያ ስንሄድ ዘንቢላችንን እንያዝ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት አንድ ጊዜ ተገልግለን የምንጥለውን ፌስታል የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ሕግ ግን በር ለበር እየዞረ ፌስታል አይለቅምም፤ የሚለቅመው ነዋሪው ነው።

የተከበራችሁ አባላት፤ ይህን ያህል የተናገርሁት የአትክልቱን ሐሳብ ለማፍረስ አይደለም። አትክልቱ ይተከል። ነገር ግን ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ በሽታው ሳይመጣ መሬቱን እናክም። ይቺ ባዶ ቦታ ትንሽ ናት፤ በካሬ ብትለካም ብዙ አትሞላም። ሆኖም በእጃችን ያለችው እሷ ናት። እስቲ እጃችሁን አውጡና ከ1ኛው አሳብ ጀምረን ድምፅ እንስጥ።