የነርሲንግ ትምህርት ቤት ደንብና የእኛ የብድር ሣጥን
በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ኮሚቴው ዛሬ እንድናገር የጠየቀኝ ስለ ትምህርት ብድራችን ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ ነርስ አይደለሁም። ስለ ሕመምተኛ አያያዝ እዚህ የተቀመጣችሁት ነርሶች ከእኔ በብዙ ትበልጣላችሁ። ሆኖም ከሣጥናችን ተበድረው ነርሲንግ የሚማሩትን እኅቶች መዝገብ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ አንድ ነገር ለመናገር ደፍሬያለሁ። ጎበዝ የሆኑ፣ ሳይንሱን በጥሩ ውጤት የጨረሱ እኅቶች መሐል መንገድ ላይ ይቀራሉ። አንዱ ትልቅ ምክንያት የትምህርት ቤቱን የማለፊያ ደንብ ዘግይተው ማወቃቸው ነው። የእኛ የብድር ደንብ ደግሞ ችግሩን ያብሰዋል።

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ሴቶች መንገዳችን ይመሳሰላል። ብዙዎቻችን በሲኤንኤ እንጀምራለን። ሌሊት አረጋውያን ስንንከባከብ አድረን ቀን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እንሄዳለን። እንግሊዝኛውን፣ አናቶሚውን፣ ማይክሮባዮሎጂውን ጨርሰን፣ የመግቢያ ፈተናውን አልፈን ፕሮግራሙ ሲቀበለን ቤተሰብ እልል ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የሚሠራው ደንብ ሌላ ነው።

አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ እንደምታስታውሱት፣ እዚያ የሚፈራው ድምር ውጤት ከ2.00 በታች መውረዱ ነው። በአንዱ ኮርስ ዲ ያገኘች በሌላው ኤ ታካክሳለች። እዚህ ነርሲንግ ፕሮግራም ውስጥ እያንዳንዱ ኮርስ ለብቻው የተከፈተ ሒሳብ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር አይቻልም። የማለፊያው ነጥብ በብዙ ፕሮግራሞች ከ75 እስከ 80 ከመቶ ነው። በሌላ ትምህርት 72 ሲ ተብሎ ሊያልፍ ይችላል፤ እዚህ 72 መውደቅ ነው። ብዙዎቹ ነጥብ ወደ ላይ አያጠጋጉም፤ 74.9 ያመጣች 75 አልሞላችም። በብዙ ቦታ ደግሞ የቤት ሥራና የቡድን ሥራ ነጥብ የሚደመረው የፈተናዎቹ አማካይ ብቻውን ማለፊያው ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ክሊኒካሉን የወደቀች በክፍል ፈተና 90 ብታመጣም ኮርሱን ወድቃለች። የመድኃኒት መጠን ስሌት ፈተናም አለ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች 90 ወይም 100 ከመቶ ይጠይቃሉ፤ የሚሞከረውም ለተወሰነ ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ ጭካኔ የሚመስለን እንኖር ይሆናል። ነገር ግን ሚሊግራምና ማይክሮግራም የተምታታባት ነርስ የምትሳሳተው በ1,000 እጥፍ ነው። እናቶቻችንም ነገ እዚያው አልጋ ላይ ይተኛሉ። ከትምህርት በኋላ የሚጠብቀው የኤንክሌክስ ፈተናም ማካካሻ የለውም፤ ወይ ማለፍ ነው ወይ መውደቅ። የየስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ የየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች በመጀመሪያ ሙከራ ምን ያህል እንዳለፉ ስለሚከታተል፣ ትምህርት ቤቶቹ ደካማ ውጤት ይዛ የምትቀጥል ተማሪን አይፈልጉም። ስለዚህ ደንቡ ይቅለል ብለን አንለምን፤ ደንቡን እንወቀው።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ። ለምሳሌ ያህል የማለፊያ ነጥቡ 75 የሆነ አንድ ኮርስ እንውሰድ። ሦስት ፈተናዎች አሉት፣ እያንዳንዳቸው 20 ከመቶ ይይዛሉ፤ የመጨረሻው ፈተና 40 ከመቶ ይይዛል። አንዲት እኅት በመጀመሪያው ፈተና 68 አመጣች። ከ20ው የያዘችው 13.6 ነው። ለማለፍ ከቀሩት ፈተናዎች በአማካይ 76.75 ያስፈልጋታል። በሁለተኛው 72 አመጣች፤ ተሻሽላለች። ሆኖም አሁን የሚያስፈልጋት አማካይ 78.3 ሆኗል። በሦስተኛው 76 አመጣች፤ ከማለፊያው በላይ ነው፤ ደስ ብሏት ለቤተሰቧ ደውላለች። በመጨረሻው ፈተና የሚያስፈልጋት ግን 79.5 ነው።

ልብ በሉ፤ ይህች እኅት በየፈተናው እየተሻሻለች ነው፤ ከፊቷ ያለው ዳገት ደግሞ በየፈተናው እየከፋ ነው። ስሌቱን ያልሠራች ተማሪ ይህን አታየውም። «እየተሻሻልኩ ነው» ብላ የሌሊት ሥራዋን እንደያዘች ትቀጥላለች። ስሌቱን የሠራች ግን ከመጀመሪያው ፈተና በኋላ፣ ገና 80 ከመቶው በእጇ ሳለ፣ መምህሯ ዘንድ ሄዳ የሳተቻቸውን ጥያቄዎች ታያለች፤ የሥራ ሰዓቷንም ትቀንሳለች። ከፈተና ማግስት በወረቀት ላይ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ነገር የመውደቅ ቁጥር ነው። በብዙ ፕሮግራሞች የወደቀ ኮርስ አንድ ጊዜ ይደገማል፤ ሁለተኛ ውድቀት፣ በሌላ ኮርስም ቢሆን፣ ያሰናብታል። ለመድገምም ቦታ መኖር አለበት፤ ኮርሱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ዓመት መጠበቅ ነው። ከአንዱ የተሰናበተች ወደ ሌላ ልግባ ብትል፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከቀድሞው ፕሮግራም በመልካም ሁኔታ መልቀቋን የሚያሳይ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። የሳይንስ ኮርሶቿም በየትምህርት ቤቱ ደንብ ከ5 ወይም ከ7 ዓመት በኋላ ላይቆጠሩላት ይችላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ውድቀት ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሁለተኛው በር ይዘጋል።

«ታዲያ ከመውደቅ በፊት ብታቋርጠውስ?» ትሉ ይሆናል። አንዳንዴ ትክክለኛው እርምጃ ይህ ነው። ነገር ግን ሦስት ነገር መታየት አለበት። አንደኛ፣ የማቋረጫው የመጨረሻ ቀን በኮሌጁ የትምህርት ካሌንደር ላይ ተጽፏል፤ ካለፈ አለፈ። ሁለተኛ፣ በአንዳንድ ፕሮግራሞች እየወደቁ ማቋረጥም እንደ አንድ ሙከራ ይቆጠራል። ሦስተኛ፣ የፌዴራል የትምህርት ድጎማ አለ። የተቋረጠ ኮርስ እንደተሞከረ እንጂ እንደተጠናቀቀ አይቆጠርም፤ ብዙ ኮሌጆች ደግሞ ከተሞከረው ክሬዲት 67 ከመቶው መጠናቀቁን ይጠይቃሉ። ፕሮግራሙ 70 ክሬዲት ቢሆን ድጎማው የሚያገለግለው ቢበዛ እስከ 105 የተሞከረ ክሬዲት ነው። በሰሚስተሩ የያዘቻቸውን ኮርሶች በሙሉ ያቋረጠች ደግሞ፣ የሰሚስተሩ 60 ከመቶ ከመድረሱ በፊት ከሆነ፣ ማለትም በ15 ሳምንት ሰሚስተር ዘጠነኛው ሳምንት ከማለቁ በፊት፣ ከድጎማው የተወሰነው ተመላሽ ይሆናል፤ ኮሌጁም ቀሪውን ከእርሷ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ማቋረጫ ቅጹን ከመፈረሟ በፊት የነርሲንግ አማካሪዋንም የድጎማ ቢሮውንም ታነጋግር። አንዱ ቢሮ የሌላውን ደንብ አይነግራትም።

አሁን ወደ ሣጥናችን ልመለስ። የመተዳደሪያ ደንባችን አንድ ኮርስ የወደቀች ተበዳሪ ቀሪውን ብድር እንዳታገኝ ይከለክላል። ደንቡን ያወጡት እኅቶች የሁላችንንም ገንዘብ ለመጠበቅ ብለው ነውና አልወቅሳቸውም። ውጤቱ ግን ሌላ ሆኗል። የወደቀች እኅት ትደብቃለች። የተቋረጠውን ብድር ለመተካት ተጨማሪ ሺፍት ትይዛለች። ኮርሱን የምትደግመው በበለጠ ድካም ነው፤ ያም የመጨረሻ ዕድሏ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ እርዳታ የሚያስፈልጋት ሰዓት ላይ ከእኛ የምትሸሸው ራሳችን ባወጣነው ደንብ ነው።

ገንዘቡንም እናስላው። ለስሌት ያህል በሰዓት 20 ዶላር የምታገኝ እኅት በሳምንት አንድ የ8 ሰዓት ሺፍት ለ15 ሳምንት ብትተው የምታጣው 2,400 ዶላር ነው። ነርስ ሆና በሰዓት 40 ዶላር ብታገኝ፣ አንድ ዓመት መዘግየቷ በዓመት 2,080 የሥራ ሰዓት ሲሰላ ከግብር በፊት 41,600 ዶላር ያሳጣታል። ብድሯን የምትመልሰውም ከዚያው ደመወዝ ነው። አንድ ጊዜ በመውደቋ ብድሩን ስንቆርጥባት ለሣጥኑ ያተረፍን ይመስለናል እንጂ የሰጠናትን የምትመልስበትን መንገድ እየዘጋን ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ያየውን የማሻሻያ ሐሳብ ላቅርብ። አንደኛ፣ ብድር የምትጠይቅ ተማሪ የፕሮግራሟን የተማሪዎች መመሪያ ይዛ ትምጣ፤ ከአባላት ነርሶች አንዷ አብራት ትቀመጥና አምስት ነገር በአንድ ገጽ ላይ ይጻፉ፦ የማለፊያ ነጥቡ፣ የሚፈቀደው የመውደቅ ብዛት፣ የማቋረጫው ቀን፣ ፕሮግራሙ የሚጠናቀቅበት የጊዜ ገደብና የይግባኝ ማቅረቢያው ቀን። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያ ውድቀት ብድሩን አያቋርጥ፤ ይልቁንም ተማሪዋ እንደገና ከመመዝገቧ በፊት ከአንዲት ነርስ ጋር ዕቅድ አውጥታ ለኮሚቴው ታቅርብ። ሦስተኛ፣ ከብድሩ ውስጥ ከፈተና በፊት ባሉት ሳምንታት ለቀነሰችው ሺፍት የሚሆን እንዲመደብ ይፈቀድ። አራተኛ፣ ሁለተኛ ጊዜ ወድቃ የተሰናበተች እኅት የነርሲንግ ብድሯ ይቁም፤ መክፈያ ጊዜዋ ግን ይራዘም፤ በኤልፒኤን፣ በላቦራቶሪ ወይም በራዲዮሎጂ በኩል ሌላ መንገድ ስታገኝ ጥያቄዋን እንደ አዲስ እንይላት።

ይህ ለአንድ ሰው ከባድ ነው። ነገር ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ፈተናውን ያለፋችሁ፣ አንዴ ወድቃችሁ ደግማችሁ ያለፋችሁም አላችሁ። ተማሪዎቻችን ከገንዘቡ እኩል የሚፈልጉት የእናንተን አንድ ሰዓት ነው።

ከሻይ በኋላ በማሻሻያው ላይ ድምፅ እንሰጣለን። የምትቃወሙም ምክንያታችሁን ንገሩን፤ ገንዘቡ የሁላችን ነው። ከነርሶቻችን መካከል መመሪያ አብራችሁ ልታነቡ የምትፈቅዱ ስማችሁን በመውጫው ጠረጴዛ ላይ ባለው ወረቀት ጻፉልን። የሚቀጥለው ሰሚስተር ምዝገባ ሳይጀመር ከተማሪዎቹ ጋር እናገናኛችኋለን።